ሽብር ምንድር ነው? በደሉስ በማን ላይ ነው?

በዘመናችን ከመንግሥታት ጉባኤ አንሥቶ እስከ ገበያ ድረስ በሰው አፍ ከሚመላለሱት ቃላት አንዱ «ሽብር» የሚለው ነው። ቃሉ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ፍቺው ግን በጥቂቱ ይመረመራል። እያንዳንዱ ወገን ጠላቱን በዚህ ስም ይጠራል፤ ራሱ በዚህ ስም መጠራትን ግን አይወድም። ስለዚህ ነገር በሰንበት ትምህርት ቤት ስናስተምር ከወጣቶቹ አንዱ ተነሥቶ፥ «አባታችን፥ ያው አንድ ሰው በአንዱ ዘንድ አርበኛ፥ በሌላው ዘንድ አሸባሪ ሲባል እንሰማለን። በየካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የጣሉትን እኛ ጀግኖች እንላቸዋለን፤ ፋሺስቶች ግን ወንጀለኞች ይሏቸው ነበር። እንግዲያስ ስሙ የሚሰጠው እንደ ተናጋሪው ፈቃድ ነው? ወይስ የራሱ የሆነ እውነተኛ ፍቺ አለው?» ሲል ጠየቀን። በዚያች ሰዓት የሰጠነው መልስ አጭር ነበር፤ ልባችንም አልረካበትም። ስለዚህ ጥያቄውን ይዘን ስናወጣና ስናወርድ ሰንብተን ያገኘነውን ለክቡራን አንባብያን ልናቀርብ ወደድን።

ጥያቄው የመንግሥት ሰዎችና የሕግ ዐዋቂዎች ብቻ እንዳይመስለን። ሐኪም ደዌውን ሳይለይ መድኃኒት ቢያዝዝ በሽተኛውን እንደሚጎዳ፥ የንስሓ አባትም ኃጢአቱን በስሙ ሳይለይ ቀኖና ቢሰጥ ነፍስን ይጎዳል። ልጁ በሽብር የሞተበት አባት ሊጽናና ወደ ካህን ይመጣል፤ እጁን በሽብር ያስገባ ሰውም አንድ ቀን ጸጸት ሲይዘው ሊናዘዝ ይመጣል። ለሁለቱም የምንናገረው ቃል እውነተኛ ሊሆን የሚችለው የነገሩን ባሕርይ ስናውቅ ነው።

አስቀድመን የስሙን ታሪክ እንይ። ሽብር በአማርኛችን የድንገተኛ ሁከትና የድንጋጤ ስም ነው፤ ጠላት ደረሰ ሲባል «አገር ተሸበረ» ይባላል። የፖለቲካ ዓመፅ መጠሪያ የሆነው ግን በአውሮፓ የተለመደውን ስም በመከተል ነው። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. ከ1793 እስከ 1794 ዓ.ም. የነበረው የአብዮት ጊዜ «የሽብር ዘመን» ተብሎ ይጠራል። በዚያን ጊዜ በፍርድ ቤት ስም ብቻ 17,000 ያህል ሰው ተገድሏል። የዚያ ሥራ አውራ የነበረው ሮቤስፒየር ሽብርን ከበጎ ምግባር ጋር አጋብቶ፥ ፈጣንና የማይታጠፍ ፍትሕ ነው እያለ ይሰብክ ነበር፤ በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1794 ዓ.ም. የእርሱም አንገት በዚያው ስለት ተቀላ። እርሱ ከወደቀ በኋላ የዚያ ሥርዓት ሰዎች «አሸባሪዎች» ተባሉ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ይህ ስም በመጀመሪያ የተሰጠው በዱር ላለ ሽፍታ ሳይሆን በወንበር ላይ ለተቀመጠ ገዥ ነው።

ከዚያ በኋላ ስሙ ከገዥው ወደ ተገዥው ተሻገረ። በሩስያ «የሕዝብ ፈቃድ» የሚባለው የምሥጢር ማኅበር እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱን ዳግማዊ እስክንድርን በቦምብ ሲገድል፥ አባሎቹ አሸባሪ መባልን እንደ ነውር አልቈጠሩትም፤ ራሳቸውም ይጠሩበት ነበር። ነገር ግን ቦምብ ሰው አይመርጥምና በንጉሡ አጠገብ የነበሩ ሌሎች ሰዎችም ተመቱ።

እ.ኤ.አ. በ1934 ዓ.ም. የዩጎዝላቪያው ንጉሥ እስክንድርና የፈረንሳዩ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ባርቱ በማርሴይ ከተማ ሕይወታቸው ካለፈ በኋላ፥ የመንግሥታት ማኅበር ነገሩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1937 ዓ.ም. በጄኔቭ ስለ ሽብር አንድ ስምምነት አወጣ። በዚያም ስምምነት ሽብር ማለት በአንድ መንግሥት ላይ ተቃጥቶ በሰዎች ልብ ድንጋጤን ሊያሳድር የታሰበ ወንጀል ነው ተባለ። ከህንድ በቀር ያጸደቀው ስላልተገኘ ስምምነቱ ሳይሠራበት ቀረ። እኛ ኢትዮጵያውያን ግን ዘመኑን ስናስተያይ ዝም ብለን ልናልፍ አንችልም። ያ ፍቺ የተጻፈው የአዲስ አበባ ሕዝብ በፋሺስት እጅ ካለቀ ከ9 ወር በኋላ ነው፤ ጣልያንም በዚያን ጊዜ ገና የማኅበሩ አባል ነበረች። በዚያ ፍቺ መሠረት በመንግሥት ላይ የሚወረወር ቦምብ ሽብር ነው፤ መንግሥት በሕዝብ ላይ የሚያወርደው እሳት ግን ከፍቺው ውጭ ይቀራል። ፍቺው የተበጀው በባለ ሥልጣኖች ነውና የባለ ሥልጣኖችን ፍርሃት ብቻ አየ።

ከዚያም ወዲህ ብዙ ተደክሟል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1994 ዓ.ም. ሕዝብን ለማስደንገጥና ለፖለቲካ ግብ ተብሎ የሚፈጸም ወንጀል በማናቸውም ምክንያት ሊጸድቅ እንደማይችል አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1999 ዓ.ም. ለሽብር ገንዘብ መስጠትን ለመከልከል የወጣው ስምምነት ደግሞ በጦርነት የማይሳተፍን ሰው፥ ሕዝብን ለማስፈራራት ወይም መንግሥትን ለማስገደድ ሲባል መግደልን ወይም ማቍሰልን ለይቶ ጠቀሰ። በዚያው ዓመት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአልጀርስ ባወጣው ስምምነት ከቅኝ ገዥና ከወራሪ ነጻ ለመውጣት የሚደረግ ትግል ሽብር እንዳይባል ደነገገ። ሁሉን የሚያጠቃልል የዓለም ስምምነት ለማውጣት ግን እ.ኤ.አ. ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የተቋቋመው ጉባኤ እስካሁን ከፍጻሜ አልደረሰም። ነገሩን ያሰሩት ቋጠሮዎች ሁለት ናቸው፤ አንደኛው መንግሥት ራሱ አሸባሪ ሊባል ይችላልን? የሚለው ሲሆን፥ ሁለተኛው ለነጻነት የሚዋጋ ሰው አሸባሪ ሊባል ይችላልን? የሚለው ነው። ሁለቱም ጥያቄዎች «ማን ሠራው?» ብለው ይጀምራሉ። እኛ ግን «ምን ተሠራ? በማንስ ላይ ተሠራ?» ብለን ብንጀምር ቋጠሮው የሚላላ ይመስለናል።

ሊቃውንት አባቶቻችን አንዱን ቃል በአንድ ፍቺ አያቆሙትም፤ «አንድም» እያሉ ከልዩ ልዩ ገጽ ያዩታል። እኛም እንደ እነርሱ ሥርዓት እንሞክረው። ሽብር ማለት የማይዋጋውን ሰው መግደል ወይም ማሠቃየት ነው። አንድም፥ በአንዱ ሞት የሌላውን ልብ ማሰር ነው። አንድም፥ በታሰረው ልብ ላይ መንገሥ፥ ማለት ሕዝብን ወይም ሹምን ያለ ፈቃዱ ለፖለቲካ ሐሳብ ማስገበር ነው። ሦስቱ በአንድነት ሲገኙ ሥራው ሽብር ነው፤ ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ሌላ ኃጢአት ሊሆን ይችላል፥ ሽብር ግን አይባልም።

ልዩነቱን በምሳሌ እንግለጠው። ቂም ይዞ የሚገድል ሰው የሚጠላውን ሰው ያውቀዋል፤ ያ ሰው ሲሞት የገዳዩ ክፉ ፈቃድ ተፈጸመ። ወንበዴ ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ መንገደኛው ቢፈራም ባይፈራም ግድ የለውም። ወታደር በጦር ሜዳ የታጠቀውን የሚመታው የታጠቀ ስለ ሆነ ነው። አሸባሪ ግን የሚገድለውን ሰው አያውቀውም፤ ስሙንም አይጠይቅም፤ ብዙ ጊዜም አይጠላውም። የሚፈልገው የዚያን ሰው ሞት ወሬ ለሚሰሙት ነው። የተመታው አንድ ነው፤ የተነገረው ግን ለሌላ ነው። ስለዚህ በአሸባሪ እጅ ሰው ሰው መሆኑ ይቀርና መልእክት የሚጻፍበት ወረቀት ይሆናል።

የአሦር ንጉሥ የሰናክሬም መልእክተኛ ራፋስቂስ ወደ ኢየሩሳሌም ቅጥር በቀረበ ጊዜ የሆነውን በመጽሐፈ ነገሥትና በኢሳይያስ 36 እናነባለን። የሕዝቅያስ ሹማምንት በሶርያ ቋንቋ እንዲናገራቸው ለመኑት፤ እርሱ ግን እንቢ ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ በአይሁድ ቋንቋ ተናገረ። ነገሩን የፈለገው ለሹማምንቱ ሳይሆን በቅጥሩ ላይ ለተቀመጠው ሕዝብ ነበርና። የአሦር ጦር አስቀድሞ ያጠፋቸውን ከተሞች እየጠራ፥ የእነዚያን ሙታን ዕጣ ለሕያዋኑ ማስፈራሪያ አደረገው። የሽብር ቋንቋ ምን ጊዜም እንዲህ ነው፤ ፊቱን ወደ አንዱ አድርጎ ጆሮ የሚፈልገው ከሌላው ነው።

በዚህ ፍቺ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ። የመጀመሪያው፥ «ምክንያቱ እውነተኛ ከሆነ፥ ተበዳይ ሌላ መንገድ ካጣ ምን ያድርግ?» የሚል ነው። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም፤ ብዙ አሸባሪዎች በእውነት የተበደሉ ሰዎች ናቸውና። ነገር ግን ዘፍጥረት 34ን እንመልከት። የያዕቆብ ልጅ ዲና በሴኬም በተደፈረች ጊዜ የወንድሞቿ ኀዘን እውነተኛ ነበር፤ በደሉንም ማንም ሐሰት ነው ሊል አይችልም። ስምዖንና ሌዊ ግን በደለኛውን ብቻ አልፈለጉም፤ በተንኰል ገብተው የከተማውን ወንድ ሁሉ ገደሉ፥ ሕፃናቱንና ሴቶቹንም ማረኩ። አባታቸው ያዕቆብ ይህን አልረሳም። በሚሞትበት ጊዜ ልጆቹን ሲባርክ ወደ እነርሱ ሲደርስ ነፍሱ ከምክራቸው እንዳትገባ ተናግሮ ቍጣቸውን ረገመ። የዲና አባት ከእነርሱ ያነሰ ስላዘነ አይደለም፤ እውነተኛ በደል ንጹሕን ለመግደል ፈቃድ እንደማይሆን ስላወቀ ነው እንጂ። አብርሃምም ስለ ሰዶም በአምላኩ ፊት ቆሞ ከ50 ጀምሮ እስከ 10 ድረስ እየወረደ የለመነው ጻድቁ ከኃጥኡ ጋር እንዳይጠፋ ነው። እሳት ሊያወርድ ሥልጣን ያለው እግዚአብሔር ንጹሑን ከበደለኛው ለመለየት ልመናን ከሰማ፥ ፍጡር ሰው ሳይለይ ሊያቃጥል ከየት ሥልጣን አገኘ?

ሁለተኛው ተቃውሞ የወጣቱ ጥያቄ ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለድን ምክንያት አድርጎ፥ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለበት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድኆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሕዝቡን ሰበሰበ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በእርሱና በሹማምንቱ ላይ ቦምብ ጣሉ፤ ግራዚያኒም ክፉኛ ቈሰለ። ከዚያ በኋላ ጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ በከተማው ላይ ተለቀቁ። እስከ 3 ቀን ድረስ ያገኙትን በጥይት፥ በአካፋና በዱላ ገደሉ፤ ጎጆዎቹንም ከነሰዎቹ አቃጠሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎ አስታውቋል፤ ቁጥሩን የሚያሳንሱትም ቢሆኑ በሺህ ይቈጥሩታል።

አሁን በሦስቱ ምልክቶች እንመዝን። የሁለቱ ወጣቶች ቦምብ የተወረወረው በማን ላይ ነው? በጦር ኃይል አገር በያዘው አዛዥና በመኰንኖቹ ላይ ነው። የታሰበውና የተመታው ያው ራሱ ነው፤ መልእክት ሊጻፍበት የተመረጠ ሌላ ንጹሕ ሰው የለም። አርበኞችም በየዱሩ ገና እየተዋጉ ነበርና ጦርነቱ አላበቃም። ስለዚህ ሥራቸው የጦርነት ሥራ ነው እንጂ ሽብር አይደለም። ጥቁር ሸሚዞቹስ? በቤቱ የተቀመጠውን ሽማግሌ ሲገድሉ ቦምብ ጥለሃልን? ብለው አልጠየቁትም፤ ኢትዮጵያዊ መሆኑ በቃቸው። የፈለጉት የሞተው እንዲሞት ብቻ ሳይሆን የቀረው ሁሉ ለዘላለም እንዲፈራ ነው። እንግዲህ በዚያ ሳምንት አሸባሪው ማን እንደ ነበረ የሚወስነው የእኛ የአገር ፍቅር ሳይሆን የሥራው ባሕርይ ነው። ነገሩ ተገልብጦ ሁለቱ ወጣቶች በገበያ ላይ ያሉ የጣልያን ሕፃናትን ፈልገው ገድለው ቢሆን ኖሮ፥ ወገኖቻችን መሆናቸው ከዚህ ስም ባላዳናቸው ነበር።

በዚህ ስፍራ ግን እውነቱን ሁሉ ልንናገር ይገባል። በዚያ ግቢ ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡ ድኆች ነበሩ፤ ጳጳሱ አቡነ ቄርሎስም በዚያ ቈስለዋል። ሥራው ሽብር አይደለም ማለት ከጸጸት ነጻ ነው ማለት አይደለም። ቅዱስ ባስልዮስ በተገባ ጦርነት ጠላቱን የገደለ ሰው ስንኳ እጁ ንጹሕ አይደለምና 3 ዓመት ከቅዱስ ቍርባን እንዲለይ መክሯል። አባቶች የአገሩን ጠባቂ ነፍሰ ገዳይ አላሉትም፤ ደም ያየ እጅ ሳይታጠብ ወደ ጽዋው እንዲቀርብም አልወደዱም። ይህ ሚዛን እንዳይጠፋን ያስፈልጋል። አርበኛና አሸባሪ የሚለዩት አርበኛው ሊመታው የማይፈቅደው ሰው ስላለ ነው፤ ለአሸባሪ ግን የተከለከለ ሰው የለም።

የፋሺስቱ ሽብር በአዲስ አበባ አላቆመም። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ግራዚያኒ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በነገሩ እጅ አለባቸው ብሎ ሁሉም እንዲገደሉ አዘዘ። ለሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም 297 መነኮሳት መገደላቸውን ራሱ መሰከረ፤ በኋላም ዲያቆናቱ ተጨመሩ፤ ቆይተው የመረመሩ ሰዎች ደግሞ ቁጥሩ ከዚህ እጅግ እንደሚበልጥ አስረድተዋል። መነኮሳቱ አንድ በአንድ አልተጠየቁም፥ አልተፈረደባቸውም። በገዳሙ ስም የተጠሩ ስለ ሆኑ ብቻ ለሌላው ካህንና ምእመን ማስፈራሪያ ሆኑ።

ሦስተኛው ተቃውሞ፥ «መንግሥት ሰይፍ የታጠቀው በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፤ የመንግሥት ሥራ እንዴት ሽብር ይባላል?» የሚል ነው። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 13 ሹም ሰይፍ የሚታጠቀው ክፉ የሚሠራውን ለመቅጣት እንደ ሆነ አስተምሯል። ልብ እንበል፤ ሰይፉ ወሰን አለው፥ ወሰኑም ክፉ አድራጊው ነው። ንጹሑን ለማስፈራራት የተመዘዘ ሰይፍ ከዚያ ወሰን ወጥቷል። ናቡከደነፆር በዱራ ሜዳ እቶኑን ያነደደው ወንጀለኛ ስለ ተገኘ አልነበረም፤ ሕዝቡ እሳቱን እያየ ለምስሉ እንዲሰግድ ነበር እንጂ። እርሱ ንጉሥ ነበር፤ ሥራው ግን ሽብር ነበር።

በአገራችን ለዚህ ሩቅ ምሳሌ አንፈልግም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ደርግ የሠራውን ሥራ ራሱ «ቀይ ሽብር» ብሎ ሰየመው፤ ስሙም እ.ኤ.አ. በ1918 ዓ.ም. በሩስያ ከታወጀው የተቀዳ ነው። በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. የደርጉ ሊቀ መንበር በአዲስ አበባ አደባባይ ደም የሚመስል ፈሳሽ የሞላበትን ጠርሙስ እየሰበረ ዐወጀ። በተቃዋሚው ወገን በከተማ ውስጥ የተፈጸመውን ግድያ ደግሞ «ነጭ ሽብር» አለው። ማን ጀመረው? የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልቆመም፤ እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንፈርድ አልተነሣንም። የምናውቀው ግን ይህ ነው፤ ጧት የተነሣ ሰው የጎረቤቱን ልጅ ሬሳ በመንገድ ዳር ያገኝ ነበር፤ በሬሳውም ላይ መፈክር የተጻፈበት ወረቀት ይደረግ ነበር፤ ወላጆችም እንዳያለቅሱ ይከለከሉ ነበር። የልጁ ስም አልተጻፈም፤ የተጻፈው መፈክሩ ነው። ከዚህ ይልቅ የሽብርን ባሕርይ ገልጦ የሚያሳይ ምን አለ? ልቅሶ የተከለከለበትም ምክንያት ከዚህ ይታወቃል። እናት ስታለቅስ ልጄ ብላ በስሙ ትጠራዋለች፤ በስሙ ሲጠራም ያ ሬሳ ማስፈራሪያ መሆኑ ቀርቶ የእርስዋ ልጅ ይሆናል። ሽብር ይህን አይወድም።

እንግዲህ በደሉ በማን ላይ እንደ ሆነ ግልጥ ሆነ። በመጀመሪያ በሞተው ላይ ነው፤ በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረውን ሰው ዕቃ አድርጎታልና። ሁለተኛም በሕያዋኑ ላይ ነው፤ ነጻ ሆኖ የተፈጠረውን ፈቃዳቸውን አስሮባቸዋልና። ሦስተኛም በእግዚአብሔር ላይ ነው። ጌታችን በማቴዎስ 10 ሥጋን ከሚገድሉት ይልቅ በነፍስም በሥጋም ላይ ሥልጣን ያለውን እንድንፈራ አስተምሮናል፤ ሰውን ለሕይወት የሚያበቃ ፍርሃት ፈሪሃ እግዚአብሔር ነውና። አሸባሪ ግን ለእግዚአብሔር የሚገባውን ፍርሃት ለራሱ ይሰርቃል፤ ሰው በአምላኩ ፊት ሊንቀጠቀጥ ሲገባው በእርሱ ፊት እንዲንቀጠቀጥ ይሻል። ስለዚህ ሽብር ግድያ ብቻ ሳይሆን ጣዖት ማቆምም ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ ማስጠንቀቂያ ልንጨምር ይገባናል። የስሙ ክብደት እንዲህ ከሆነ፥ ስሙን በከንቱ በሰው ላይ መጫንም ታላቅ ኃጢአት ነው። የተቃወመን ሁሉ፥ የጻፈብን ሁሉ፥ በአሳብ የተለየን ሁሉ አሸባሪ ከተባለ በሐሰት አትመስክር የሚለው ትእዛዝ ፈርሷል። በአገራችን በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 በዜጎች መብት ላይ ጉዳት አድርሷል ተብሎ በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1176 መተካቱ የፍቺው ስፋትና ጥበት የሰው ሕይወት እንደሚነካ ያስረዳል። እንደዚሁም አንዱ ሰው ስለ አሸበረ ቋንቋውን የሚናገረውን፥ ከመንደሩ የተወለደውን፥ በሃይማኖቱ የሚመስለውን ሁሉ በእርሱ በደል መያዝ ግራዚያኒ በደብረ ሊባኖስ የሠራውን መድገም ነው። ሽብርን በሽብር የሚበቀል ሰው ጠላቱን አላሸነፈም፤ የጠላቱ ደቀ መዝሙር ሆነ እንጂ።

እንግዲህ ካህናትና ምእመናን ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፥ የአሸባሪን መልእክት አንሸከምለት። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊብያ የነበሩ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖች በባሕር ዳርና በበረሃ በተገደሉ ጊዜ ገዳዮቹ ሥራቸውን በምስል ቀርጸው ለዓለም በተኑት። ያን ሥራ የሠሩት ለምስሉ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን እነዚያን ወጣቶች ሰማዕታት ብላ ጠራቻቸው፤ በአገሪቱም 3 ቀን ኀዘን ታወጀ። ነገር ግን በዚያን ሰሞን ያን ምስል በየስልኩ እየተቀባበለ ለሕፃናት ጭምር ያሳየ ምእመን ሳያውቀው የገዳዮቹ ፖስተኛ ሆኗል። ሰማዕታቱን የምናከብረው በእምነታቸው፥ በስማቸውና በመታሰቢያቸው ነው እንጂ ገዳዮቻቸው በሣሉት ሥዕል አይደለም።

ሁለተኛ፥ የሠራው ሰው ሊናዘዝ ቢመጣ ደጅ አንዝጋበት። ሳውል ወደየቤቱ እየገባ ወንዶችንና ሴቶችን ወደ ወኅኒ ይጎትት እንደ ነበር፥ የእግዚአብሔር ቸርነት ግን ሐዋርያ እንዳደረገው እናውቃለን። ዳሩ ግን «ለዓላማ ብዬ ነው» የሚለውን ቃል እንደ ኑዛዜ አንቀበል። እንዲህ ያለው ሰው በተቀመጠ ጊዜ የንስሓ አባት አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው፥ «የገደልኸው ሰው ስሙ ማን ነበር?» ብሎ ነው። አላውቅም ቢል፥ እንዲያውቅ፥ ቤተ ሰቡንም ፈልጎ እንዲያገኝና የሚቻለውን ካሣ እንዲክስ ማዘዝ የቀኖናው መጀመሪያ ይሁን። ዕቃ ያደረገውን ሰው በልቡ መልሶ ሰው እስካላደረገው ድረስ ኃጢአቱን ገና አላየውምና።

ሦስተኛ፥ የሙታንን ስም እንጥራ። ከዓመታት በፊት አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ወደምናገለግልበት ደብር መጥተው በቀይ ሽብር ለሞተ ልጃቸው ጸሎተ ፍትሐት እንዲደረግለት ለመኑን። «አባቴ፥ ያን ጊዜ ማልቀስ ተከልክሎ ነበር፤ መቃብሩንም አላውቀውም» አሉን። የክርስትና ስሙን ጠየቅናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ ነገሩን። ያን ዕለት በዲያቆኑ አፍ ያ ስም በመቅደሱ ሲጠራ እኒያ እናት ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። በወጡ ጊዜም፥ «አሁን ልጄን ቀበርሁት» አሉን። የምናደርገው ፍትሐትና ተዝካር ልማድ ብቻ የሚመስለው ካህን ቢኖር ይህን ያስብ። ሽብር ስሙን ነጥቆ ወረቀት ያደረገውን ሰው ቤተ ክርስቲያን በስሙ ጠርታ ሰው መሆኑን ትመሰክርለታለች።

በመጨረሻም መስቀሉን እናስብ። መስቀል በሮማውያን ዘንድ የሽብር መሣሪያ ነበር። ከልደተ ክርስቶስ በፊት በ71 ዓመት የባሮቹ የስጳርታቆስ ዓመፅ በተሸነፈ ጊዜ ከሮም በሚወጣው በአጵያ መንገድ ዳር 6,000 ያህል ሰው የተሰቀለው አላፊ አግዳሚው አይቶ እንዲፈራ ነው። በጌታችንም ራስ በላይ ጲላጦስ ያኖረው ጽሕፈት በዕብራይስጥ፥ በሮማይስጥና በጽርዕ ነበር፤ የሚያልፍ ሁሉ እንዲያነብበው። ቀያፋም አስቀድሞ አንዱ ሰው ስለ ሕዝቡ ቢሞት ይሻላል ብሎ በሰው ሕይወት የፖለቲካ ሒሳብ ሠርቶ ነበር። እንግዲህ አምላካችን ሰው ሆኖ በመጣ ጊዜ ዓለም ሰውን ማስፈራሪያ በሚያደርግበት በዚያው ስፍራ ተሰቀለ። ነገር ግን ሊያስፈራራን የተጻፈው መጽናኛችን ሆነ፤ የድንጋጤ ዕንጨት የነበረውም ዛሬ በሕፃናት አንገት ላይ ይታሰራል። ከዚህ በኋላ ክርስቲያን ከሽብር ጋር የሚያደርገው ውል የለም፤ ሊሠራውም፥ ሊያመካኝለትም፥ ሊፈራውም አይገባውም።

ያን ወጣት መልሰን ባገኘነው ጊዜ ያልነው ይህንን ነው፤ ልጄ ሆይ፥ ስሙን ማን ለማን እንደ ሰጠው አትመልከት። የተገደለው ማን ነበር? ለምንስ እርሱ ተመረጠ? ብለህ ጠይቅ። ያን ጊዜ አሸባሪውን በዱርም ቢሆን በዙፋንም ቢሆን፥ ባዕድም ቢሆን ወገንህም ቢሆን ታውቀዋለህ።

ከሽብርና ከሐሰት ስም ጠብቆ በፈሪሃ እግዚአብሔር ያጽናን። ወስብሐት ለእግዚአብሔር።